«ኦፕን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለቻይንኛ ተናጋሪ ተማሪዎች የማስተማር መመሪያ

አንድ ቻይንኛ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ «ኦፕን ዘ ላይት» ቢል፣ መብራቱን አብሩ ማለቱ መሆኑ ለማንም አይጠፋም። ይኸው ሰው «ካን ዩ ኦፕን ዘ ካር?» ብሎ ሲጠይቅ ግን የመኪናውን በር እንዲከፍቱለት ፈልጎ ይሁን መኪና መንዳት መቻልዎን ሊያውቅ፣ ከንግግሩ ብቻ መለየት አይቻልም። «ኦፕን ዘ ማሺን» ሲል ደግሞ ማሽኑን አስነሡ ማለቱን ወይም ክዳኑን ክፈቱ ማለቱን ሳያጣሩ መታዘዝ ጣት ሊያስቆርጥ ይችላል። በዱከምና በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ቦታዎች፣ እንዲሁም በመንገድና በግንባታ ሥራ ላይ ኢትዮጵያውያንና ቻይናውያን ብዙ ጊዜ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ቋንቋው ለሁለቱም ወገን በትምህርት የተገኘ እንጂ ከእናት የተወረሰ አይደለም። በመሆኑም አንዱ የሌላውን ስህተት የሚመዝነው በአብዛኛው በራሱ ቋንቋ ሚዛን ነው።

ሚዛኑ የሚዛባውም እዚህ ላይ ነው። አማርኛ ተናጋሪ አስተማሪ «ኦፕን ዘ ላይት» ሲባል ወዲያው ያርማል፤ በአማርኛ መብራት ይበራል እንጂ አይከፈትምና። «ኦፕን ዘ ቴሌቪዥን» ሲባል ግን ጆሮው ምንም ሳይጎረብጠው ያልፈዋል፤ በአማርኛ ቴሌቪዥንም ሬዲዮም ይከፈታሉና። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ዓይነት ስህተት ናቸው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ቻይንኛውን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም ጎን ለጎን ያስኬዳል፤ የተማሪው ስህተት ከየት እንደሚመጣ ማወቅ የሚጠቅመው አስተማሪው የራሱ ጆሮ የት ላይ እንደሚያታልለው አብሮ ካወቀ ነው።

ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት፦ «ካይ» የሚለውን ቃል ይወቁ

ቻይንኛ መናገር አይጠበቅብዎትም፤ አንድ ቃል ግን ማወቅ ይኖርብዎታል። ይህም በማንዳሪን፣ ማለትም በመደበኛው ቻይንኛ፣ «ካይ» የሚባለው ነው። በካንቶንኛ «ሆይ» ይባላል፤ ከሆንግ ኮንግ ወይም ከጓንግዶንግ የመጣ ተማሪ ካለዎት የቃሉ አገልግሎት እዚያም በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው።

ተማሪው የቃሉን ምልክት በሁለቱም አጻጻፍ እንዲጽፍልዎት ይጠይቁት። ታይዋንና ሆንግ ኮንግ የሚጠቀሙበት ጥንታዊው አጻጻፍ በግራና በቀኝ የቆሙ የበር መዝጊያዎች ያሉት ሲሆን፣ በመካከላቸው ያለው ጭረት መነሻው የበሩን መወርወሪያ የሚያነሡ ሁለት እጆች ናቸው። ዋናው ቻይና በ1956 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው የፊደል ማቅለያ ዕቅድ መሠረት በሩ ወጥቶ መካከለኛው ብቻ ቀርቷል። ይህ ለተማሪው ጥሩ መነሻ ነው፤ የእንግሊዝኛው «ኦፕን» ከሞላ ጎደል ከበሩ ሳይርቅ ሲቀር፣ የቻይንኛው «ካይ» ግን በሩን ትቶ ብዙ ርቀት ሄዷልና።

ምን ያህል እንደራቀ ለማየት የሚከተሉትን ልብ ይበሉ። «ካይ መን» በር መክፈት ነው። «ካይ ደንግ» መብራት ማብራት፣ «ካይ ቸ» መኪና መንዳት፣ «ካይ ሁዌይ» ስብሰባ ማድረግ ወይም ስብሰባ ላይ መሆን፣ «ካይ ሁዋ» ማበብ፣ «ካይ ያው» ሐኪም መድኃኒት ማዘዝ፣ «ካይ ፋፕያው» ሕጋዊ ደረሰኝ መቁረጥ፣ «ካይ ዋንሽያው» መቀለድ ማለት ናቸው። «ሽዌይ ካይ ለ» ሲባል ውሃው ፈላ ማለት ነው። መጀመርም «ካይሽ»፣ ደስ መሰኘትም «ካይሺን» ስለሚባል ቃሉ በተማሪው አፍ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ መገመት አያዳግትም። ተማሪው የእንግሊዝኛውን «ኦፕን» የሚያየው የዚህ ሁሉ አቻ አድርጎ ነው፤ የመጀመሪያ መዝገበ ቃላቱም «ካይ» በሚለው ቃል ትይዩ «ኦፕን»ን አስቀምጦለታል።

አንደኛ፦ ሦስቱ ቋንቋዎች ከሚስማሙበት ይጀምሩ

ትምህርቱን በስህተት ዝርዝር መክፈት ተማሪውን ያሸማቅቃል፤ አፉን ባላቀቀ ቁጥር የሚያጠፋ ይመስለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ከራሱ ቋንቋ ወስዶ ቢጠቀምበት የማይሳሳትባቸውን ያስቀድሙ። በር፣ መስኮት፣ ሣጥን፣ ጠርሙስና ደብዳቤ በሦስቱም ቋንቋዎች ይከፈታሉ። የባንክ ሒሳብ መክፈትም እንዲሁ ነው፤ በቻይንኛ «ካይ ሁ»፣ በእንግሊዝኛ «ኦፕን ኣን አካውንት» ይባላል። ሱቅ መክፈትም በሦስቱም ያስኬዳል። ተኩስ መክፈት እንኳን በቻይንኛ «ካይ ሁዎ»፣ በእንግሊዝኛ «ኦፕን ፋየር» ሆኖ ከአማርኛው ጋር መግጠሙ ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ ያስገርማቸዋል።

እነዚህን በዕቃ እያሳዩ፣ ተማሪው በእጁ እየከፈተ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲናገር ያድርጉ። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፦ መለያውን ጥያቄ ያስጨብጡ

ቀጥሎ ተማሪው በራሱ ሊጠይቀው የሚችል አንድ ጥያቄ ይስጡት፦ ይህን ነገር «ከከፈትኩት» በኋላ ውስጡ ይታያል ወይ፣ ወይስ የሚያልፍ ነገር መተላለፊያ ያገኛል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ ቃሉ «ኦፕን» ነው። በር ሲከፈት ሰው ያልፋል፤ መጽሐፍ ሲከፈት ገጹ ይታያል፤ አፍ ሲከፈት ጥርስ ይታያል። መብራት ሲበራ ግን የአምፖሉ ውስጥ አይከፈትም፤ መኪና ሲነዳም እንዲሁ።

ጥያቄው የማይሸፍናቸው አሉ። ዣንጥላ፣ የተጨበጠ እጅና የአበባ እምቡጥ ውስጣቸው ስለታየ ሳይሆን ተጣጥፈው የነበሩ ክፍሎቻቸው ስለተዘረጉ በእንግሊዝኛ «ኦፕን» ይባልላቸዋል። ለእነዚህ ጣትዎን ጨብጠው ቀስ እያሉ ቢዘረጉ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ያስረዳል። አበባን በተመለከተ ተማሪው «ዘ ፍላወርስ አር ኦፕኒንግ» ቢል ትክክል ነው፤ ስለ አንድ ዛፍ በሙሉ ሲያወራ ግን «ብሉም» የሚለውን ቃል ይስጡት።

ሦስተኛ፦ በኤሌክትሪክ የሚሠሩትን ነጥለው ያውጡ

መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ሬዲዮ፣ ማራገቢያ፣ አየር ማቀዝቀዣና ምድጃ በእንግሊዝኛ «ተርን ኦን» ይደረጋሉ፤ «ስዊች ኦን» ማለትም ይቻላል። ሲጠፉ «ተርን ኦፍ» ነው። እዚህ ላይ አስተማሪው ራሱን መጠበቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ቻይንኛው ለሁሉም «ካይ» እና «ጓን» (ክፈት እና ዝጋ) ሲል፣ አማርኛው ደግሞ መብራትን ለይቶ «አብራ» እያለ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ከበር ጋር ይመድባቸዋል። «ስልክህን ዝጋ»፣ «ሬዲዮኑን ዝጋው» የምንል ሰዎች «ክሎዝ ዩር ፎን» ሲባል የሚያስደነግጠን ነገር የለም። ስለዚህ ለልምምድ ዕቃ ሲመርጡ መብራትን ብቻ አይውሰዱ፤ አማርኛ የሚያሳልፋቸውን ሬዲዮን፣ ቴሌቪዥንንና ስልክን ሆን ብለው ያስገቡ።

የዕቃውን ሁኔታ የሚገልጸውን ቃል ከድርጊቱ ጋር አጣምረው ያስተምሩ። በቻይንኛ የተከፈተ በርም የበራ መብራትም «ካይጀ» ይባላሉ፤ በእንግሊዝኛ ግን በሩ «ኢዝ ኦፕን»፣ መብራቱ «ኢዝ ኦን» ነው። ተማሪው ድርጊቱን «ተርን ኦን» ብሎ በትክክል ከተናገረ በኋላ ሁኔታውን ሲገልጽ «ዘ ላይት ኢዝ ኦፕን» ብሎ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሁለቱ ተነጣጥለው ስለተሰጡት ነው። «ሊቭ ዘ ዶር ኦፕን» እና «ሊቭ ዘ ላይት ኦን» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ከክፍሉ የሚወጣ ሰው ለሚቀረው ሰው ትእዛዝ እንደሚሰጥ አድርገው ያለማምዱት።

ስልክና ኮምፒውተር ሁለቱንም ቃላት ስለሚቀበሉ ለብቻቸው ይታዩ። «ተርን ኦን ዘ ላፕቶፕ» ማለት ኃይል እንዲያገኝ ማድረግ ነው፤ «ኦፕን ዘ ላፕቶፕ» ግን ክዳኑን ማንሣት ነው፣ ለጥገና ባለሙያ ደግሞ ብሎኑን መፍታት ሊሆን ይችላል። ፋይል፣ መተግበሪያና ድረ ገጽ ውስጣቸው ስለሚታይ «ኦፕን» ይደረጋሉ። ብሉቱዝና ዋይፋይ ግን «ተርን ኦን» ናቸው። ተማሪው የራሱን ስልክ አውጥቶ የሚያደርገውን ሁሉ በቃል እየተናገረ እንዲሠራ ማድረግ እዚህ ላይ ከወረቀት ልምምድ ይበልጣል።

አራተኛ፦ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ቃሉ እንደሚገለበጥ ያስጠንቅቁ

ይህ ክፍል ለሁሉም ተማሪ ላያስፈልግ ይችላል፤ በፋብሪካ፣ በግንባታ ወይም በጥገና ለሚሠራ ግን ከሌላው ሁሉ በፊት ቢሰጠው አይከፋም።

በቻይንኛ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ «ካይጓን» ይባላል፤ ትርጉሙ ቃል በቃል ክፈት-ዝጋ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር «ካይ» ማለት ኃይል እንዲመጣ፣ «ጓን» ማለት እንዲቋረጥ ማድረግ ነው። በእንግሊዝኛ የኤሌክትሪክ ሙያ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። «ኦፕን ሰርኪት» የተቋረጠ መስመር ማለት ሲሆን፣ «ኦፕን ዘ ብሬከር» (ብሬከር የኤሌክትሪክ መስመር ማቋረጫ ነው) የሚለው ትእዛዝም ኃይሉን ቁረጥ ማለት ነው፤ «ክሎዝ ዘ ብሬከር» ሲባል ደግሞ መስመሩ ይገናኝና ኃይል ይለቀቃል። ትእዛዙን በዕለት ተዕለት «ካይ» የተረጎመ ሠራተኛ ኃይል እንዲቆረጥ ሲነገረው ይለቅቃል፤ «ብሬከሩን ክፈተው» ሲባል መብራት አምጣ ማለት የሚመስለው አማርኛ ተናጋሪም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም።

ለማስረዳት ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶች ጫፍ ለጫፍ ማጋጠም ይበቃል። ጣቶቹ ሲነካኩ መስመሩ ተዘግቷል፤ ኃይሉ ያልፋል። ሲለያዩ በመካከላቸው ክፍተት ስለሚፈጠር መስመሩ «ኦፕን» ነው፤ ኃይሉ ይቆማል። ከዚያ የውሃ ቫልቭን ያምጡ፤ «ኦፕን ዘ ቫልቭ» ሲባል ውሃው ይፈስሳል። አንዱ ቃል በውሃ ላይ መልቀቅ፣ በኤሌክትሪክ ላይ ማቋረጥ መሆኑን ተማሪው በአንድ ቁጭታ፣ በእጁ እያሳየ መናገር ይኖርበታል፤ ለየብቻ ከተማራቸው ይዘባረቁበታል።

ተማሪው የሙያው ሰው ከሆነ ሌላ መንገድ አለ። የቻይና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሥራ ላይ «ካይ» እና «ጓን» በሚሉት ብቻ አይመሩም፤ ኃይል መልቀቅን «ኸ ጃ»፣ ማቋረጥን «ፈን ጃ» ወይም «ላ ጃ» ይሉታል። «ኸ» ማገናኘት፣ «ፈን» መለየት ስለሆነ የመጀመሪያውን ከ«ክሎዝ»፣ ሁለተኛውን ከ«ኦፕን» ጋር ያጣምሩለት፤ ወዲያው ይገባዋል። በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማረም ቢሆን የተቋረጠ መስመር በቻይንኛ «ካይሉ» እንደሚባል ሊያስታውስ ይችላል። በዚያ ቃል ውስጥ ያለው «ካይ» ከእንግሊዝኛው ጋር ይስማማል።

በማብሪያ ማጥፊያዎች ላይ ያለው የክብ ምልክትም አብሮ ይብራራ። ብዙ ተማሪዎች ክቡን የእንግሊዝኛ «ኦ» ፊደል ያደርጉትና «ኦን» ወይም «ኦፕን» ማለት ነው ብለው ይገምታሉ፤ «ኦፍ» የሚለውም በዚያው ፊደል መጀመሩ ግራ መጋባቱን ያባብሰዋል። ምልክቱ ፊደል ሳይሆን ዜሮ ነው፤ ጠፍቷል ማለት ነው። ቀጥ ያለው ጭረት በርቷል ማለት ነው።

በሥራ ቦታ ላይ ግን ማንም ሰው በ«ኦፕን» እና «ክሎዝ» ብቻ ትእዛዝ እንዳይሰጥ እመክራለሁ። «ተርን ዘ ፓወር ኦፍ» የሚለው ለማንም ግልጽ ነው፤ ትእዛዙን የተቀበለውም የሚሠራውን ሳይሆን የሚመጣውን ውጤት፣ ማለትም «ዘ ፓወር ዊል ቢ ኦፍ» ብሎ መልሶ ይናገር። ከዚያም በኋላ ቢሆን መስመሩ ተቆልፎ በመለኪያ ሳይፈተሽ እጅ አይገባበትም። «ኦፕን ዘ ማሺን» የሚለውንም እንዲሁ ይሰርዙት፤ ማስነሣት ከሆነ «ስታርት ዘ ማሺን»፣ ክዳን መክፈት ከሆነ «ኦፕን ዘ ከቨር» ይባል። ቻይንኛው «ካይ ጂ» ማስነሣትን ብቻ ስለሚያመለክት ተማሪው ለምን እንደሚታረም መጀመሪያ ላይገባው ይችላል። ሁለተኛው ትርጉም የሚታየው ለሰሚው ነው።

አምስተኛ፦ የቀሩትን የ«ካይ» አገልግሎቶች ለየራሳቸው ግሥ ይስጡ

እዚህ ሕግ የለም፤ አንድ በአንድ ማስያዝ ብቻ ነው። መኪና «ድራይቭ» ይደረጋል፤ ሞተሩ «ስታርት»። ሐኪም መድኃኒት «ፕሪስክራይብ» ያደርጋል። ውሃ «ቦይል» ያደርጋል። ደረሰኝ «ኢሹ» ይደረጋል፤ ሱቅ ላይ ግን «ካን አይ ሃቭ ኤ ሪሲት?» ማለት ይበቃል። ቀልድን በተመለከተ «አይ አም ጀስት ኪዲንግ» የሚለውን እንደ አንድ ቃል ያስጠኑት።

ስብሰባ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። ቻይናዊ ባልደረባዎ «ዘ ማናጀር ኢዝ ኦፕኒንግ ኤ ሚቲንግ» ካለዎት ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው ማለቱ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ስብሰባውን ከፈቱ» ሲባል የክብር እንግዳ፣ የመክፈቻ ንግግርና ጭብጨባ ይታየዋል። እንግሊዝኛው ከአማርኛው ጋር ይሄዳል፤ «ኦፕን ኤ ሚቲንግ» ስብሰባውን በይፋ ማስጀመር ነው። ስለዚህ ተማሪው «ሂ ኢዝ ኢን ኤ ሚቲንግ»፣ «ዊ ሃድ ኤ ሚቲንግ» ማለትን ይልመድ።

ስድስተኛ፦ «ኦፕን»፣ «ኦፕንድ» እና «ኦፕኒንግ»ን በሁኔታና በድርጊት ይለዩ

የቻይንኛ ግሥ በጊዜ ምክንያት መልኩን አይለውጥም፤ የማንዳሪን ቃልም «ን»ን እና ከአፍንጫ የሚወጣውን «ንግ»ን ከመሰሉ ጥቂት ድምፆች በቀር በተናባቢ አይጨርስም። በዚህም የተነሣ «ኦፕንድ» ከሚለው መጨረሻ ላይ ያለውን «ድ» ተማሪው ላይሰማው፣ ቢሰማውም ላያወጣው ይችላል። ድምፁን ለማስለመድ ቀጥሎት በአናባቢ የሚጀምር ቃል ያስከትሉ፤ «ኦፕንድ ኢት» ሲባል «ድ» ወደሚቀጥለው ቃል ስለሚሻገር ለአፍ ይቀላል። በጽሑፍ ደግሞ ጫናው የመጀመሪያው ክፍል ላይ ስለሆነ «ን»ን የሚወክለው ፊደል እንደማይደገም ያስታውሷቸው።

ትልቁ ችግር ግን ሁኔታን መግለጽ ላይ ነው። ሱቁ ክፍት ከሆነ «ኢዝ ኦፕን» ይባላል፤ ዝግ ከሆነ ግን «ኢዝ ክሎዝድ»። ሁለቱ ተቃራኒዎች ቅርጻቸው ስለማይመሳሰል ተማሪው አንዱን ከሌላው ጋር ለማስተካከል ይሞክራል። አንዳንዱ «ዘ ሾፕ ኢዝ ኦፕንድ» ይላል፤ ሌላው ወደ ተቃራኒው ሄዶ «ዘ ሾፕ ኢዝ ክሎዝ» ይላል። የኋለኛው ሲጻፍ ሱቁ ቅርብ ነው የሚል ሌላ ትርጉም ይይዛል፤ ቅርብ ማለት የሆነው ቃል ሲነበብ በ«ዝ» ሳይሆን በ«ስ» ስለሚያበቃ ልዩነቱን በድምፅ ማሳየት ይቻላል። ይህ እንግሊዝኛው ራሱ ያመጣው ጉድለት እንጂ የተማሪው ስንፍና አለመሆኑን ቢነግሩት መልካም ነው።

ጊዜ ሲጨመርበት ሌላ ወጥመድ ይመጣል። በቻይንኛ ሱቁ «ካይ ለ ሽ ንየን ለ» ሲባል ከተከፈተ አሥር ዓመቱ ነው ማለት ነው፤ አማርኛውም እንዳየነው «ከተከፈተ» እያለ የድርጊቱን ግሥ ይጠቀማል። ሁለቱም ተናጋሪዎች ተስማምተው «ዘ ሾፕ ሃዝ ኦፕንድ ፎር ቴን ይርስ» ይላሉ፤ እንግሊዝኛው ግን የቆየው መከፈቱ ሳይሆን ክፍት ሆኖ መኖሩ ነው በማለት «ሃዝ ቢን ኦፕን ፎር ቴን ይርስ» ይላል። ሰዓት ብቻ ለመናገር «ኢት ኦፕንስ አት ናይን»፣ ሰፊውን ጊዜ ለመናገር «ኢት ኢዝ ኦፕን ፍሮም ናይን ቱ ፋይቭ» ይባላል።

አንድ ቦታ ላይ ተማሪው ትክክል ሆኖ አስተማሪው ሊያበላሽበት ይችላል። ማንም ሳይነካው በር ሲከፈት በቻይንኛ «መን ካይ ለ» ይባላል፤ ተማሪውም በቀጥታ «ዘ ዶር ኦፕንድ» ይላል፤ ይህም ፍጹም ትክክል ነው። አማርኛ ግን «ተከፈተ» በሚለው ውስጥ «ተ»ን ስለሚጠይቅ፣ አማርኛ ተናጋሪ አስተማሪ «ዋዝ ኦፕንድ» በል ብሎ የማረም ፍላጎት ያድርበታል። «ዋዝ ኦፕንድ» የሚባለው የከፈተ ሰው መኖሩን ለመናገር ሲፈለግ ነው። በዚህ ላይ ቀይ እስክሪብቶዎን አያንሡ።

ሰባተኛ፦ ስለ ሰው ሲነገር ጥንቃቄ ያስተምሩ

በእንግሊዝኛ «ሺ ኢዝ ቬሪ ኦፕን» ሲባል ግልጽ፣ የልቧን የማትደብቅ ሰው ናት ማለት ነው። «ኦፕን ማይንድድ» የሌላውን ሐሳብ ለመስማት ዝግጁ የሆነ ሰው ነው። ተማሪው ሁለቱንም የሚተረጉመው «ካይፋንግ» በሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል ለአገርና ለፖለቲካ ሲውል የከበረ ነው፤ ቻይና ከ1978 ጀምሮ የተከተለችው የተሐድሶና በርን የመክፈት ፖሊሲ የሚጠራው በእርሱ ነው። ስለ ሰው፣ በተለይም ስለ ሴት ሲነገር ግን በፍቅርና በጾታ ጉዳይ ልቅ መሆንን ሊያመለክት ይችላል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተማሪ የእንግሊዝኛውን ምስጋና እንደ ስድብ ይሰማዋል። «ኦፕን ቱ» የሚለውን አጠቃቀም፣ ለምሳሌ «አይ አም ኦፕን ቱ ሰጀስችንስ» የሚለውን አስቀድሞ መስጠት ይህን ያቀልላል፤ ሐሳብ ለመቀበል ፈቃደኛ መሆንን ብቻ ስለሚናገር ሌላ ትርጉም አይገባበትም።

ለሕዝብ የተገለጠ ነገርን በሚመለከት ሌላ የቻይንኛ ቃል ይረዳዎታል፤ እርሱም «ጎንግካይ» ነው። ግልጽ ደብዳቤ፣ ሁሉ የሚያውቀው ምሥጢርና የቴኒስ ውድድር በቻይንኛ በእርሱ ሲጠሩ፣ በእንግሊዝኛ ሁሉም «ኦፕን» ናቸው። ቴኒስ የሚወድ ተማሪ ካለ ሊ ና የተባለችውን ቻይናዊት ያንሡ፤ በ2011 የፈረንሳይ ኦፕንን፣ በ2014 የአውስትራሊያ ኦፕንን አሸንፋለች። ውድድሮቹ «ኦፕን» የሚባሉት ከ1968 ወዲህ ለባለሙያ ተጫዋቾችም እንደ አማተሮቹ ክፍት በመሆናቸው ነው። «ጆብ ኦፕኒንግ» የሚለውን ደግሞ ለራስዎ ሲሉ አይርሱት፤ አማርኛው «ክፍት የሥራ ቦታ» ስለሚል ለእርስዎ ቀላል ቢሆንም ለተማሪው ግን አዲስ ነው።

ስምንተኛ፦ የትኛውን ወዲያው፣ የትኛውን ቀስ ብለው እንደሚያርሙ ይወስኑ

ሁሉንም ስህተት በእኩል ማረም ንግግሩን ያቆመዋል። «ኦፕን ዘ ላይት» በሲንጋፖርና በማሌዥያ በየቤቱ የሚሰማ አነጋገር ነው፤ በፊሊፒንስም ይባላል። ፈተና ላይ ነጥብ ያስቀንሳል እንጂ ማንንም አያሳስትም። ስለዚህ ተማሪው በወሬ መካከል ቢለው ሳያቋርጡት፣ በመልስዎ ውስጥ ትክክለኛውን አስገብተው «ሹር፣ አይ ዊል ተርን ኢት ኦን» ይበሉትና ወሬውን ያስቀጥሉት።

«ኦፕን ዘ ካር»፣ «ኦፕን ዘ ማሺን» እና ከሁሉ በላይ «ኦፕን ዘ ብሬከር» ሲባል ግን ንግግሩን አቁመው ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ እንዲያስረዳዎት ያድርጉ፤ በአማርኛም በቻይንኛም ይሁን በጣት። ለመጨረሻ ፈተናም ወረቀት አያስፈልግም። ተማሪውን በር፣ የውሃ ቧንቧ፣ ራዲዮ፣ ስልክና የመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ባለበት ክፍል ውስጥ አስገብተው፣ እርሱ ትእዛዝ ይስጥ፣ እርስዎ ይፈጽሙ። የተናገረውን ቃል በቃል ያድርጉ፤ ራዲዮኑን «ኦፕን» ካለ የባትሪውን ክዳን ይክፈቱለት።